ጨዋ ልጅ

ሲስተር ሠርኬ አንዷ ሕፃን እጇ ላይ ያተመችባትን የጥርስ ምልክት በአልኮል እየጠረገች «ቀጣይ» አለች። ድምፅዋ ከጧት ጀምሮ ሲሟጠጥ ውሎ ለዚህች አንዲት ቃል ብቻ የቀረ ይመስል ነበር። ባልደረባዋ ሥልጠና ሄዳለች፤ ክትባቱም፣ ሚዛኑም፣ ሳሉም፣ ትኩሳቱም በእሷ ጫንቃ ላይ ወድቋል። መርካቶ መሃል ያለን የሕፃናት ክፍል፣ ያውም ሰኞ ቀን፣ ለአንድ ሰው ጥሎ የሚሄድ እግዜር ይይለት።

ከሁሉም የሰለቻት ለቅሶው ነው። የመኪናውን ጥሩምባና የተሸካሚውን «ዞር በሉ!» ለምዳዋለች፣ እሱ መስኮቱን ስትዘጋ ይቀራል። የሕፃን ለቅሶ ግን አብሯት ታክሲ ይሳፈራል፤ እራት ስትበላ እንኳ ጆሮዋ ውስጥ ነው። ዛሬ አንድ ዝምተኛ ልጅ ብታገኝ ስለት ታስገባ ነበር።

የገባችው ሀምዲያ ነበረች፤ ሳህን ተራ ጥግ ላይ ልጇን አዝላ ማንኪያና ጭልፋ የምትሸጥ ወጣት። የኩፍኝ ክትባቱ ቀጠሮ ደርሶ ነው። አዩብን ከጀርባዋ አውርዳ ጭኗ ላይ ስታስቀምጠው፣ ሕፃኑ ጭንቅላቱን ደረቷ ላይ ጣል አድርጎ ዝም አለ።

እንዴት ነው ልጁ አለቻት ሠርኬ፣ ዓይኗን ከምታዘጋጀው መርፌ ሳትነቅል።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው። ደግሞ እንዴት ያለ ጨዋ ሆነ መሰለዎት። ከትላንት ማታ ወዲህ ማንንም አላስቸገረም፤ አከራያችን እንኳ መረቁት።»

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» አለች ሠርኬ። አዩብ ማለት ኢዮብ ነው፤ የኢዮብን ትዕግሥት ደግሞ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያውቀዋል፣ ሁለቱም ፈገግ አሉ። እንደ አንተ ያለውን ያብዛልኝ አለችና ትንሹን ክንድ ጠርጋ ወጋችው።

አላለቀሰም።

ጥጡን ጫን አድርጋ ጠበቀች። መርፌ ሲገባበት ልጅ መጀመሪያ አፉን ይከፍታል፣ ትንፋሹን ይሰበስባል፣ ከዚያ ቤቱን በጩኸት ያናውጠዋል። አዩብ አፉንም አልከፈተም። ሠርኬ ቀና ብላ ፊቱን ያየችው ያኔ ነው፤ ከመውጋቷ በፊት ልታየው የሚገባትን ፊት። ዓይኖቹ ወደ ውስጥ ገብተዋል፣ ከንፈሩ ደርቋል። የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ስትለቀው እንደተሰበሰበ ቆየ። ደነገጠች፤ በራሷም አፈረች።

«ያስቀምጠዋል?»

የጥርስ ነው አለች ሀምዲያ። ጥርስ ሊያበቅል ሲል ያስቀምጠዋል ብለው ጎረቤቶቿ ሁሉ ስለነገሯት እንደ በሽታ አልቆጠረችውም። የከፋው ለቅሶው ነበር። ቅዳሜና እሁድ ግቢውን እንቅልፍ ነሳው፤ አከራይዋም ይህ ልጅ ዝም ካላለ ሌላ ቤት ፈልጊ አሏት። ትላንት አመሻሽ ላይ ቁጭ ብላ ዝም እንዲልላት ዱዓ አደረገች። ብዙም ሳይቆይ ዝም አለላት፤ ደስታዋን አልቻለችውም። ጡት እንኳ አይጠይቅም አለች፤ ግን የሲስተርን ፊት እያየች ድምፅዋ እየሰለለ ሄደ።

ሠርኬ ልጁን ከእናቱ ጭን አንስታ አልጋው ላይ አስተኛችው።

«ሀምዲያ፣ ጨዋነት አይደለም። ውሃው ከሰውነቱ አልቆ፣ ለማልቀስ አቅም አጥቶ ነው።»

ደም ሥር እጁ ላይ ፈለገች፣ አጣች። እግሩ ላይ ፈለገች፣ አጣች። እንዲህ የደረቀ ልጅ ደም ሥሩ ይደበቃል፤ እሷም ከጧት የዋለ ድካሟ ጣቶቿ ላይ ተሰብስቧል። ዛሬን ብቻ ታዘዙልኝ አለቻቸው ጣቶቿን። ከጆሮው በላይ አንድ ቀጭን መስመር አገኘች፣ ትንፋሿን ውጣ መርፌውን አስገባች። ደም ብቅ አለ። ግሉኮሱን ሰቅላ ጠብታውን ፈታችው። አዩብ በዚህ ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ እግሩን አልሰበሰበም።

ሀምዲያ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላለች። «ዝም በልልኝ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች።

«እኔም መርቄዋለሁ» አለች ሠርኬ።

ውጭ ያለው ሰልፍ ያጉረመርማል፤ አንድ ሰው በሩን አንኳኳ፣ አልከፈተችም። ወንበሩን ስባ አልጋው ጫፍ ተቀመጠች፣ ጣቷን የልጁ መዳፍ ውስጥ ከትታ። በኮሪደሩ የሚያለቅሱት ልጆች ድምፅ በበሩ ሥር ይገባል። ሲያንገሸግሻት የዋለ ለቅሶ ነው። አሁን ግን በእነዚያ ልጆች እናቶች ቀናች፤ ከዚህ አልጋ ላይ ያንኑ ለቅሶ ለመስማት የቀረ ዕድሜሽን ስጪ ብትባል የምትከራከር አልመሰላትም። ጠብታው ይወርዳል። ሀምዲያ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ የትላንቱ ዱዓ እንዲሻርላት እየለመነች ይሆናል።

ከረጢቱ እየጎደለ ሲሄድ ሠርኬ የልጁ መዳፍ ጣቷን ጠበቅ ሲያደርግ ተሰማት። የአዩብ ግንባር ተኮማተረ፣ አፉ ተከፈተ፣ ትንፋሹን ሰበሰበ። ከዚያ ቀጭን፣ የሻከረ ለቅሶ ወጣው።

ሀምዲያ እንደለመደችው ዘልላ ተነሥታ እጇን ወደ አፉ ሰደደች። «እሽሽ፣ አዩቤ፣ ሲስተርን አታስቸግር።»

ሠርኬ እጇን አየር ላይ ያዘቻት።

«ተዪው። ያስቸግረኝ።»

ልጁ እየበረታ አለቀሰ። ሁለቱ ሴቶች እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ሰሙት።