ሁለተኛው ሰው

«ይሄ ሁለተኛው ሰውህ ግን ሆድ የባሰው ነው» አሉ የተማሪው አማካሪ ዶክተሯ፣ ዓይናቸውን ከኮምፒውተሩ ሳያነሱ። «ያገኘውን ሁሉ ሐዘን ብሎ ይሞላል።»

ተማሪው ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አለ። የማስተርስ ማሟያ ጥናቱ ማሽን የሰውን ስሜት ከጽሑፍ እንዲለይ ማስተማር ነው። ማሽን ደግሞ የሚማረው ከሰው ነው። ከዘመድ አዝማድ ለምኖ የሰበሰባቸውን ስድስት መቶ የስልክ መልእክቶች፣ የራሱም ያሉበትን፣ ሁለት ሰዎች አንዱ የሌላውን ሳያይ ደስታ፣ ሐዘን ወይም ምንም ብለው መሙላት አለባቸው። ሁለቱ ካልተስማሙ ጥናቱ ፈታኞች ፊት አይቀርብም፤ የሁለት ዓመት ልፋቱ ውሃ በላው ማለት ነው።

የመጀመሪያው ሰው ራሱ ነው። ለሁለተኛው አንድ የክፍሉን ልጅ ጠየቀ፤ «እደውልልሃለሁ» ብሎት በዚያው ቀረ። ሌላ የሚጠይቀው ሰው ቢያስብ ቢያስብ አጣ። ሦስት ወር ጠበቀና፣ የቀድሞ መልሱን ደብቆ ስድስት መቶውንም እንደ አዲስ ሞላቸው፤ አናቱ ላይ «ሁለተኛ ሰው» ብሎ ጻፈ። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም ይባላል፤ ይሄ ምስኪን ግን ብቻውን ሮጦ ተቀደመ። ከራሱ ጋር የተስማማው በግማሹ ብቻ ነው።

«ጓደኛህ ነው?»

«አዎ... ጎረቤቴ ነው።»

«እንግዲያው ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበታ። ለምሳሌ ይሄ፣ አርባ ሁለተኛው፤ ‹እኔ ደህና ነኝ፣ አታስቡ።› አንተ ምንም ብለሃል፣ እሱ ሐዘን። የቱ ነው ልክ?»

«እሱ።»

«በምን አወቅክ?»

«የላክሁት እኔ ነኝ» አለ። ካፉ ካመለጠ በኋላ መመለሻ አልነበረውም። «ሁለተኛውንም የሞላሁት እኔ ነኝ፣ ዶክተር። ሰው አጥቼ ነው።»

ዶክተሯ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ብዙ አልተቆጡም። ሁለተኛውን ዓምድ ከላይ እስከ ታች አጠፉና ኮምፒውተሩን ወደ እሱ አዞሩለት።

«ከደገምከው ትባረራለህ። አሁን ሰው ፈልግ፤ ማንበብ ይቻል እንጂ ማንም ይሁን። እዚሁ ሆነህ ደውል።»

ስልኩን አወጣ። ያልተነሱት ጥሪዎች ሁሉ የታላቅ እህቱ ናቸው።

«ምን ሆንክብኝ?» አለች ገና ስታነሳ።

«ምንም አልሆንኩም፣ እትዬ። ለትምህርቴ ነው። አንድ መልእክት ላንብብልሽ፤ ደስታ ወይ ሐዘን ወይ ምንም በዪኝ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «‹እኔ ደህና ነኝ፣ አታስቡ።›»

«ሐዘን» አለች፣ አፍታም ሳትቆይ። «ያን ዕለትም ሐዘን ነበር። ስልክ አታነሳም እንጂ ልነግርህ ነበር።»

ዶክተሯ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እሱ ባዶው ዓምድ ውስጥ፣ አርባ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየፈለገ ሐዘን ብሎ ጻፈ።

«ሌላስ?» አለች እህቱ።

አምስት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ይቀራል።