ከዓይን ያውጣሽ

ሲና ሆዷን የታመመችው ሠርካዲስ በዓይኗ በወጋቻት ማግስት ነው። ቢያንስ ሠርካዲስ እንዲያ ብላ አመነች፤ ሰው ደግሞ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ አንዴ ካመነ ማን ያስጥለዋል?

ሁለቱም የቀጨኔ ልጆች ናቸው። አብረው አደጉ፣ ጠዋት ጠዋት ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለውን ዳገት አብረው ይሮጣሉ። አንድ ክለብ አንዲት ሴት ሯጭ ብቻ ሊወስድ ማጣሪያ ሲያዘጋጅ ሁለቱም ተመዘገቡ። ሠርካዲስ ቀን ሙሉ የሰው ቀሚስ ስትጠልፍ የምትውል ልጅ ናት፤ ከመርፌው የሚያወጣት ሌላ በር አልነበራትም።

ማጣሪያው ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሲና ዳገቱን እንደ ሚዳቋ ወጣችው። ሠርካዲስ ከኋላ ቀርታ፣ «ወይ እግር!» አለች። «ከዓይን ያውጣሽ» አላለችም፤ እንትፍ እንትፍም አላለችም። ረስታው መስሏችኋል? ቅናት አንቋት ነው እንጂ!

ሮብ ጠዋት ሲና ገና ሩጫውን ከመጀመሯ ሆዷን ይዛ ቁጭ አለች።

«ምን ነካሽ?» አለች ሠርካዲስ።

«እንጃ፤ ቆረጠኝ። ልቤም ይመታል።»

ሐሙስም ያው፣ ዓርብም ያው። ሠርካዲስ ፋርማሲ ለምትሠራው ጎረቤቷ ለሩቲ ነገረቻት።

«ጭንቀት ነው ባክሽ» አለች ሩቲ። «ከሩጫ በፊት አሥር ደቂቃ ቀዝቀዝ ያለ ሙዚቃ ታዳምጥ። ሐሳብ ሲረጋ ሆድም ይረጋል።»

ሠርካዲስ መካሻ ያገኘች መሰላት። ስልኳን በዋሽንትና በበገና ዜማ ሞላችው። ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ሲናን ባሕር ዛፍ ሥር አስቀምጣ፣ ማዳመጫውን በገዛ እጇ ጆሮዋ ላይ ትሰካላት ጀመር።

ጉድ እኮ ነው! ሠርካዲስ ዞር ስትል የሲና ፊት ይፈታል፣ ትንፋሿ ይረጋል። «እንዴት ሆንሽ?» ብላ ስትመለስ ቁርጠቱ አብሯት ይመለሳል። አንድ ቀን ሠርካዲስ ሆን ብላ ቀረች፤ ሲና ብቻዋን ዳገቱን ሁለቴ ወጥታ ወረደችው አሉ። በማግስቱ አብረው ሲወጡ እንደገና ሆዷን ይዛ ተቀመጠች።

ከዚህ ሌላ ምን ምስክር ይምጣ? ሠርካዲስ የገዛ ዓይኗን ጠላችው። ከሲና ጋር ስታወራ መሬት መሬት ማየት ጀመረች።

ጠበል ይዛላት ሄደች። ሲና ጠርሙሱን ገፋችው።

«ከአንቺ እጅ አልቀበልም።»

«ለምን?»

«በቃ! ምንም አታድርጊልኝ፤ በማርያም ደግ አትሁኚብኝ!» አለችና ፊቷን አዞረች።

«አወቀችብኝ» አለች ሠርካዲስ በሆዷ። መንገዱን ሁሉ እያለቀሰች ተመለሰች። እንደ እህት አብራት ያደገችን ልጅ በቅናት አሳመመች፤ ይኼን የትኛው ስግደት ይሽረዋል?

ማጣሪያው እሁድ ነው። እሷ አጠገቧ ከሮጠች ሲና መንገድ ላይ መቅረቷ ነው። ቅዳሜ ስታወጣ ስታወርድ ዋለች። በመጨረሻ ቆረጠች፤ መርፌው ይሻላል።

እሁድ ጠዋት ሲና ከሯጮቹ ተነጥላ፣ ማዳመጫዋን ሰክታ፣ ዓይኗን ጨፍና ተቀምጣለች። ሠርካዲስ በስተጀርባዋ አልፋ የክለቡ አሠልጣኝ ጋሽ ዓምሃ ዘንድ ቀረበች። ዝርዝሩን በእጃቸው ይዘዋል።

«ጋሽ ዓምሃ፣ እኔ ትቼዋለሁ። ስሜን ይሰርዙልኝ» አለች። እንባዋ መጣ። «ሲና ትሩጥ።»

ጋሽ ዓምሃ መነጽራቸውን አውጥተው ወረቀቱን አዩ፤ ከዚያ እሷን አዩ።

«ምኑን ልሰርዘው ልጄ? የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ‹ሠርካዲስ ሩጫውን ትታዋለች፤ ስሜን አሰርዢልኝ ብላ ልካኛለች› ብላ ሲና መጥታ ነግራኝ፣ ያኔውኑ ሰርዤሽ የለም እንዴ!»