ሳጥኑ የላከው ጫማ

ሰው በስልክ ዕቃ ማዘዙ እንኳ ቀርቶ፣ በየደጁ የቆመው ሳጥን የጎደለውን አውቆ ሳይጠየቅ ማቅረብ ከጀመረ ወዲህ የአቶ ድንበሩን ጫማ ቤት የሚረግጥ ጠፍቷል። ደንበኛ ቢሸሸውም ችሎት ነበር። ዛሬ ግን ሚስቱ አሰገደች ምሳውን ይዛ ስትመጣ፣ ከእሱ መደርደሪያ ያልወረደ ቡኒ ጫማ ተጫምታለች።

«ማን ለካሽ?» አላት፣ ሌላ ወንድ የነካት ይመስል።

«ማንም አልለካኝም። ጠዋት ሳጥኑ ውስጥ አገኘሁት።»

አጎንብሶ አየው። የግራው በአውራ ጣቷ በኩል ሰፋ ተደርጎ ተሠርቷል።

«ያምሽ ነበር እንዴ?»

«ቆየ እኮ። ሳጥኑ አካሄዴን አይቶ ነው ያወቀው።»

«እኔስ አብሬሽ ስሄድ አልኖርኩም?»

«አንተማ ሁልጊዜ ፊት ፊት ነው የምትሄደው!» ብላ ሳቀችበት።

ድንበሩ የእግር መለኪያውን አንስቶ እፊቷ ተንበረከከና የግራ ጫማዋን ያወልቅ ጀመር።

«ኧረ ተነስ አንተ ሰውዬ፣ ሰው ያየናል!»

«የቱ ሰው?» አላት።

አሰገደች በመስታወቱ ወደ መንገዱ ተመለከተች። ዝር የሚል የለም። እግሯን ጉልበቱ ላይ አሳረፈችለት።