የሚጮኸው ፓወር ሰፕላይ

ልጁ ራሱ የገጣጠመው ኮምፒውተር፣ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ፓወር ሰፕላዩ ተቃጥሎበት ነበር። አባትየው ልጁ የጻፈባትን ቁራጭ ወረቀት ለባለሱቁ ሰጠ።

«ስድስት መቶ ዋት። ያውቅበታል ልጅዎ!» አለ ባለሱቁ። «ጋሼ፣ በእጅዎ መዘን ያድርጉት፤ ቀላል ከሆነ የተጻፈበት ዋት ውሸት ነው። ይሄኛው ግን ከባድ ነው፤ ማራገቢያውም ድምፅ የለውም።»

አባትየው አልመዘነም። «የሚጮኸውን ስጠኝ።»

«ሰው እኮ ጸጥ ያለውን ነው የሚፈልገው! ይሄ ደግሞ የዓመት ዋስትና አለው።»

«ለዛሬ ሌሊት ከሠራ ይበቃኛል» አለ አባትየው፣ ፊቱ ሳይለወጥ። «እናቱ የልብ ሕመምተኛ ናት። ከአልጋዋ ሆና ማሽኑ ሲጮኽ ካልሰማች፣ ልጄ አልገባም ብላ እንቅልፍ አይወስዳትም። መርዶ ነጋሪዎቹ የሚመጡት ንጋት ላይ ነው።»