ሦስተኛው ፍሪሲዮን

ባለ መኖ መቁረጫዋ ሴት እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ መለዋወጫ ሱቁ ገባችና የተቃጠለውን የማሽኗን ፍሪሲዮን ሻጩ ፊት ዘጭ አደረገችው። «በሁለት ወር ሦስተኛው ነው! በእናትህ ስም ምለህ አይደል የሸጥክልኝ?»

ሻጩ ሳይቸኩል አንስቶ አሸተተው። «ዕቃው ምን በወጣው! ይሄ መቁረጫውን የሚያዞረውን ቺንጋ የሚይዘው ሞተሩ ሲፈጥን ብቻ ነው። ዝግ ካደረግሽው እየተንሸራተተ ይቃጠላል።»

«ዝግ አድርጌ ነዋ የማሠራው! ማሽኑ ያለው አማቴ ከተኙበት ክፍል ግድግዳ ሥር ነው። ታማሚ ናቸው፤ አንዴ ካስጮኽኩት ቀኑን ሙሉ ሲያቃስቱ ይውላሉ።»

ሻጩ ዞር ብሎ ከመደርደሪያው ጥግ ቺንጋውን በእጅ የሚወጥር ባለ እጀታ ፍሪሲዮን አወረደ፤ አቧራውንም በጨርቅ ይጠርግ ጀመር። «ለአንቺ የሚሆንሽ ይሄ ነበር። በዝግታም ይሠራል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ምናለ መጀመሪያውኑ ብትነግሪኝ?»

«ብነግርህ? የዘንጉን ውፍረት ጠየቅከኝ። የሞተሩን ጉልበት ጠየቅከኝ። ባልሽስ የት ሄዶ ነው አንቺ የመጣሽው ብለህ ሳይቀር ጠየቅከኝ! እንዴት አድርገሽ ነው የምታሠሪው ብለህ ግን አንዴ እንኳ ጠይቀኸኛል?»

ሻጩ አቧራው ከለቀቀ የቆየውን እጀታ መጥረጉን ቀጠለ።