በመዝገብ የተጻፈ ባል

ገደፋው የአባቱን ቤት ክዳን በሁለት እጁ እየነቀለ ወደ ታች ይወረውራል። ቀስ ብሎ ቢያነሳው ሣሩ ለአዲስ ቤት ይሆን ነበር፤ እሱ ግን የሚወረውረው እልሁን ነው። ሰው ቤቱን በገዛ እጁ አፍርሶ፣ በገመድ ተለክቶ በተሰመረ መንደር ይስፈር ተባለ። ይሁን። ለላጤ ቦታ የለም፣ አንተ ከወንድምህ ጓሮ ተጠጋ ተባለ። ይህን ግን መዋጥ አቃተው።

"ምነው፣ ሣሩ ምን አደረገህ?" አለች ሲሳይነሽ ከታች።

ጎረቤቱ ናት። ቡሬ ካለው ባሏ ተፋትታ ወደ አባቷ መሬት ከተመለሰች ሁለት ዓመት ሆናት። ትናንት የእሷ ቤት ሲፈርስ እንኳ አፍራሾቹን ስታስቅ ነው የዋለችው። ይህ ሳቋ ገደፋውን ያበሽቀዋል። ሳይሰማው የዋለ ቀን ደግሞ ይብስ ያበሽቀዋል።

"ሥራ የለሽም?"

"አለኝ እንጂ። ቦታህን ላሳይህ መጣሁ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው፣ ከዋርካው አለፍ ብሎ።"

"እኔ ቦታ የለኝም።"

"የእኔ ነዋ። በአባቴ ድርሻ ሰጥተውኛል። ባል በሚለው ላይ አንተን አስጽፌሃለሁ።"

ገደፋው ከጣሪያው እንዴት እንደወረደ ራሱም አላወቀም። ፊቷ ቆሞ ያለከልካል።

"ምን አልሽ?"

"ለውትድርናው ላጤ ይቅደም ተብሎ የለ? የአንተም ስም አለበት። ባለትዳር ከሆንክ ይተዉሃል። ላድንህ ብዬ ነው።"

"ማን አድኚኝ አለሽ? አትጠይቂኝም ነበር?"

"ብጠይቅህ እሺ ትል ነበር?"

"አልልም።"

"ለዚያ ነዋ ያልጠየቅሁህ" ብላ ሳቀች።

"ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። መንግሥት ቤቴን ወሰደ፣ አንቺ ደግሞ ስሜን። በሬ እንኳ ሲጠመድ ቀንበሩን ያየዋል። ያ የቡሬው ሰውዬ ይህን ሳቅሽን እንዴት ቻለው?"

"አልቻለውም" አለች። "ሲሰለቸው መታኝ፤ መጣሁ።"

ገደፋው ምላሱን ቢነክስ በወደደ። አፉን ሳይዘጋ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ዳኘው ሁለት ታጣቂ አስከትሎ በአጥሩ ክፍት ገባ። በብብቱ ሁለት መዝገብ ይዟል።

"ገደፋው፣ በዘማቾቹ ዝርዝር ላጤ ነህ፤ በቦታው መዝገብ ደግሞ ባለትዳር። አንዱ ውሸት ነው" አለና አንዱን ገልጦ አነበበ። "ሲሳይነሽ ሙጬ። ባል፣ ገደፋው ይሄይስ። ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን። ይኸው። ውሸት ከሆነ እሷ መዝገብ በማሳሳት ትታሰራለች፤ አንተም ቅዳሜ ትሄዳለህ። ሚስትህ ናት?"

ገደፋው ዋሽቶ አያውቅም። ሰው የሚሸሸውም ለዚሁ ነው፤ ለሙሽራ እንኳ አላማረብህም ብሎ ፊት ለፊት የሚናገር ሰው ነው። ወደ ሲሳይነሽ ዞረ። ሳቋ የለም። የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ይዛለች። ያን ጊዜ ንዴቱ ትክክለኛ ጌታውን አገኘ። ቤቱን ያፈረሰችው እሷ አይደለችም። የሰውን ልጅ በዝርዝር እየጻፈች ወደ ጦርነት የምትልከውም እሷ አይደለችም።

"ናት" አለ።

"መቼ አገባሃት? ድግስህን አልበላን።"

"ከየት አምጥቼ ልደግስ? እህሉን በኮታ ወስዳችሁታል።"

"የሰማንያው እማኝስ ማን ነው?"

"እማኝ ከሆነ ይኸው ሦስት ሆናችሁ መጥታችኋል። ሚስቴ ናት ብያለሁ፤ ሰምታችኋል። ጻፉት።"

"እኔስ ሰምቻለሁ" አለ ቢሆነኝ የተባለው አንደኛው ታጣቂ፣ መሬት መሬት እያየ።

የዳኘው ፊት ደም መሰለ። "በመንግሥት ሥራ ትቀልዳለህ?"

"እኔ ስቀልድ አይተው ያውቃሉ?"

ሊቀመንበሩ አሰበ። ታጣቂዎቹም አሰቡ። ከዚያ መንደር እስከ ቡሬ ገበያ ቢጠየቅ ገደፋው ሲቀልድ አየሁ የሚል አንድ ሰው አይገኝም። ዳኘው እርሳሱን አውጥቶ ከዝርዝሩ አንድ መስመር ሰረዘ።

"ቁጥሩ ግን አይጎድልም" አለ ሲወጣ። "በሌላ ሰው እሞላዋለሁ።"

ገደፋው ሰዎቹ ከአጥሩ ማዶ እስኪጠፉ ድረስ እጁን ጨብጦ ቆመ። ሲሳይነሽ ከተጣለው ሣር ላይ ቁጭ አለች።

"ኅዳር?" አለ፣ ዞር ሳይል።

ከሣሩ አንድ ዘለላ መዘዘች።

"የውትድርናው ወሬ የተሰማው ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። በኅዳር ከምን ልታድኚኝ ነው ያስጻፍሽኝ?"

"ከምንም።"

ነገሩ ሲገባው መልሶ ጮኸ፤ ሌላ ምን እንደሚደረግ አያውቅም።

"ታዲያ ለጸሐፊው ከምትነግሪ ለእኔ አትነግሪኝም ነበር? አፍ የለሽም?"

ሲሳይነሽ ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"ፊትህን አይተኸው ታውቃለህ?" አለችው።

ገደፋው እጁን አነሳና ግንባሩን፣ ከዚያም በቅንድቦቹ መካከል የተቋጠረውን ቆዳ፣ የማያውቀውን ሰው ፊት እንደሚነካ ሁሉ ቀስ አድርጎ ዳሰሰ።