መርፌ እንዳይነካት

ድስቱ ተጠርቶ እሷ ቀረች። ፈለቀችን አሥራ አራት ዓመት ያንገበገባት ይኸው ነው። የጎረቤቷ የየሺአረግ ልጅ ክርስትና ስትነሳ ትልቁ ጎላ ድስት የሄደው ከፈለቀች ቤት ነው፤ አግዳሚውም የሄደው ከፈለቀች ቤት ነው። ከጎሮ እስከ ላምበረት ያለ ሰው ሁሉ ተጠራ። በአጥር የምትዋሰናቸው ፈለቀች ግን የድንኳኑን ጭብጨባ ከጓሮዋ ሆና ሰማች። ባሏ ካሳዬ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ሚስቱም ዓይኗ ሕፃን ይበላል ተባለ፤ በቃ። ድስቱን በማግስቱ አጥበው መለሱላት። ደርግም ወደቀ፣ ካሳዬም ሞተ፣ ቂሙ ግን አለ።

ያቺ የክርስትና ልጅ፣ ቤዛዊት፣ ዛሬ ፍራሽ ላይ ተዘርግታለች። ፈለቀችም ያንን ደጃፍ ለመጀመሪያ ጊዜ አልፋ እግርጌዋ ቆማለች። ያመጣቻት የሺአረግ ራሷ ናት፤ በባዶ እግሯ፣ ነጠላዋን መሬት ለመሬት እየጎተተች።

«እትዬ ፈለቀች፣ እግርዎ ሥር ወድቄያለሁ፤ እንትፍ ይበሉባት።»

አንቱ አለቻት። ከትናንት ወዲያ ውሃ ወረፋ ላይ «አንቺ፣ ጀሪካንሽን አንሺ» ያለቻት ሴት ናት።

ፈለቀች ልጅቷን አየቻት። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ቢጠሯትም ዓይኗን አትገልጥም፤ ትኩሳቷ ሳይነኳት ይጋረፋል።

«መቼ ተኛች?»

«ትናንት ከትምህርት ቤት መጥታ ራሴን አለች። ከዚያ ወዲያ መች ነቃች።»

«ሐኪምስ?»

«መርፌ ይነካትና ትሙትብኝ?» አለች የሺአረግ። «ቡዳ የበላው ሰው መርፌ አይወድም። መጀመሪያ የበላት ይልቀቃት።»

ግድግዳውን ተደግፈው የተኮለኮሉት ሴቶች ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዷ፣ እስከ ዓይኗ የተከናነበችው፣ ወደ ፈለቀች ሳታይ ተናገረች።

«ልጅቷ ራሷ ለፈለፈች እኮ። እትዬ ፈለቀች፣ እትዬ ፈለቀች ስትል ነው ያደረችው። ስም ከጠራች ወዲያ ምን ቀረ።»

ፈለቀች የምትመልሰው ነበራት። ሰው ሲቃዥ የሚወደውንም ይጠራል። ይቺ ልጅ ፊደል ከቆጠረች ጀምሮ፣ እናቷ ገበያ ስትሄድ እየጠበቀች፣ በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ መጽሐፏን ስታነብላት ነው ያደገችው። ባለፈው ክረምት የአንድ ንጉሥ ተረት አነበበችላት። ንጉሡ ለልጁ ድግስ አገሩን ሁሉ ጠርቶ አንዲት አሮጊት ይተዋል። አሮጊቷ ሳትጠራ ትመጣና፣ ይቺን ልጅ እንዝርት ይውጋት፣ እንቅልፍ ይውሰዳት ብላ ትረግማለች።

«ምነው ሳይጠሯት ቀሩ?» ብላ ነበር ፈለቀች።

«የወርቅ ሳህን አንሷቸው ነው ይላል፣ እትዬ።»

«ይሁና። ሳህን አነሰን ማለትም አንድ ነገር ነው።»

ልጅቷ ከአጥሩ ማዶ ሳቀች፤ ምን እንዳሳቃት ግን ራሷም አታውቅም።

ውጭ ጥሩምባ ጮኸ። ባለ ታክሲው ሀሩን ነው፤ ሰማያዊ ላዳውን ደጃፉ ላይ አቁሞ ከጠዋት ጀምሮ ይለምናቸዋል።

«እናቶች፣ ኧረ ጤና ጣቢያ ላድርሳት፤ ሂሳብ አልጠየቅኩ። ይሄን ሞተር ካጠፋሁት ደሞ ሁላችሁም ነጠላችሁን አደግድጋችሁ ትገፋላችሁ።»

የሳቀለት የለም።

«የሺ፣ ውሰጃት» አለች ፈለቀች። «እኔ ማንንም አልበላሁም።»

«ካልለቀቋትማ እንዴት አድርጌ ለመርፌ ልስጣት? በእጄ ልግደላት?»

ስንት እናት ሕፃኗን ባስቀመጠው ቁጥር የፈለቀችን ደጅ አንኳኩታ እንትፍ በይ ብላታለች። አንድም ቀን አላደረገችውም። ምራቄን ለማንም አላበድርም እያለች በሯን ትዘጋ ነበር። አንዴ እንትፍ ካለች ቡዳነቷ በገዛ አፏ ጸደቀ ማለት ነው። ልጅቷም ብትድን ከዚያ አጥር አጠገብ ዝር አትልም፤ ቀዳዳውም ዛሬ ማታውኑ ይደፈናል።

እምቢ ማለትስ ትችል ነበር። እምቢ ማለት የለመደችው ሥራ ነው። ግን የልጅቷ አንገት ላይ የምትመታዋ ሥር ደከም፣ ፈጠን፣ ደግሞ ደከም ትላለች። ክርክሩ የሚያልቀው መቼ ነው?

ፈለቀች ጎንበስ አለችና የልጅቷ ግንባር ላይ እንትፍ እንትፍ አለች።



«ይናገሩት እንጂ» አለች የሺአረግ በሹክሹክታ።

«እኔ ነኝ የበላኋት» አለች ፈለቀች። ድምጿ እንደ ሁልጊዜው ነበር። «እኔው ነኝ፤ እኔው ለቅቄያታለሁ። ከእንግዲህ መርፌ ምንም አያደርጋትም። መርፌ መድኃኒቷ ነው። አሁን ተነሺ፣ ውሰጃት።»

ሴቶቹ አማተቡ። የሺአረግ ልጇን ብድግ አደረገቻት፤ ለዕድሜዋ ከባድ ልጅ ናት፣ እግሮቿ ተንጠለጠሉ። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ቆመች። መውጫው ጠባብ ነው፣ ፈለቀች ደግሞ አጠገቡ ናት። የሺአረግ የልጅቷን ፊት በነጠላ ሸፈነች። አሁንም ለማለፍ እግሯ እምቢ አላት።

ፈለቀች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ግንባሯን ጭቃው ላይ አስደገፈች፤ ማንም እንዳይጠራጠር ሁለት ዓይኗን በመዳፏ ከደነች። የልጅቷ ባዶ እግር ጀርባዋን ዳሰስ አድርጎ አለፈ፤ ይፋጃል። የመኪናው በር ተዘግቶ ጎማው ጠጠሩን ማንኮሻኮሽ እስኪጀምር ድረስ፣ ፈለቀች ከግድግዳው ዞር አላለችም።